«በግዙፎች ትከሻ ላይ»፦ ማን ማንን ነው የተሸከመው?

በቀደም አንድ የምረቃ ዝግጅት ላይ ተናጋሪው አለቃውን ሲያመሰግን «እኛ በግዙፎች ትከሻ ላይ የቆምን ነን» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ግን ቅር አለኝ።

የአባባሉ ባለቤት የሻርትሩ በርናርድ ነው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፈረንሳይ በሻርትር ካቴድራል ሰዋስው ያስተማረ ሊቅ። ቃሉን ያቆየልን እንግሊዛዊው ጸሐፊ የሳልስበሪው ጆን ነው፣ በ1159 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ሜታሎጂኮን» ውስጥ። እኛ በግዙፎች ትከሻ ላይ የተቀመጥን ድንኮች ነን፤ አርቀን ብናይ ዓይናችን በርትቶ ወይም ቁመታችን ረዝሞ ሳይሆን እነሱ ስላነሱን ነው፣ ይላል።

እሽኮኮ ማለት ነው በቃ! ገጠር ሳለን አባቴ ለጥምቀት እሽኮኮ አድርጎ ይወስደኝ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን ግጥም አድርጎ ይይዛል። እኔ ግንባሩን አቅፋለሁ፤ ላቡ መዳፌን ያረጥበዋል። ታቦቱ ብቅ ሲል እሱ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። «ምን ይታያል?» ይለኛል። ጥላው፣ መስቀሉ፣ ዲያቆናቱ፣ እያልኩ እነግረዋለሁ።

ለዚህ ነው በርናርድም ነገሩን ከመጽሐፍ ያገኘው የማይመስለኝ። ሐሳቡን ከሰዋስው ሊቁ ከፕሪስክያን ነው የወሰደው የሚሉ አሉ፤ እሱ ኋለኞቹ ከቀደሙት ይልቅ አጥርተው ያያሉ ብሎ ጽፏልና። ግን ትከሻው እዚያ የለም! ሻርትር በቦስ የስንዴ ሜዳ መሃል ያለች ከተማ ናት። በእመቤታችን በዓል ልጁን ተሸክሞ የሚመጣውን ገበሬ መምህሩ ቆሞ ያየው ይመስለኛል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ካቴድራል የመስኮት መስተዋት ላይ ማቴዎስ በኢሳይያስ፣ ሉቃስ በኤርምያስ ትከሻ ተቀምጠው ተሥለዋል።

የበርናርድ ግዙፎች ግን ነቢያት ብቻ አልነበሩም። ጆን በዘመኑ ከነበሩት የፕላቶ ወዳጆች ሁሉ የላቀ ይለዋል። የተጠመቀ መምህር ያልተጠመቀውን ግሪካዊ «አንተ ነህ ያነሳኸኝ» ሲል አስቡት። ጆንም ራሱ «ፖሊክራቲከስ» በተባለው መጽሐፉ አገርን በሰው አካል መስሎ ንጉሡን ራስ፣ ገበሬውን እግር ሲያደርግ፣ ምሳሌውን የሰጠው ለጥንቱ አረማዊ ጸሐፊ ለፕሉታርክ ነው። ብዙ ሊቃውንት ምሳሌውን ጆን ራሱ የፈጠረው ነው ይላሉ። ቢሆንም ክብሩን ለማን እንደሰጠ እዩ።

አለቃችሁን ማመስገን ካሻችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት፣ ይበቃል። አባባሉን ከጠራችሁ ግን «ድንክ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት፤ ያ ተናጋሪ ዘሎታል። ፕላቶ በርናርድ ሲያመሰግነው ከሞተ ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ምስጋናውን አይሰማም፣ ዕድገትም አይሰጥም።