በአዳማ ዙሪያ የፎርዊል መኪና ጉዳትና መከላከያዎቹ

አዳማ ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የመንገዶች መለያያ ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ለአገልግሎት የበቃው የፍጥነት መንገድ መኪናን እዚህ ድረስ በምቾት ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገጥመው መሬት እንደ አቅጣጫው ነው። በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራና አዋሽ ለሚወርድ ድንጋይና እሾህ፣ በዴራና ኢተያ በኩል ወደ አርሲ ለሚወጣ ዋልካ ጭቃ፣ ወደ አፋር ለሚዘልቅ ደግሞ አቧራ፣ አሸዋና ጨው ይጠብቁታል። በአራቱም ጎማው የሚነዳ መኪና፣ ሾፌሮች ባጭሩ ፎርዊል የሚሉት፣ አዳማ ጋራዥ ሲገባ ልምድ ያለው መካኒክ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው። መልሱ የትኛውን ክፍል ቀድሞ ማየት እንዳለበት ይነግረዋል።

በእነዚህ መስመሮች ከሚመላለሱት መካከል የቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ፕራዶና ሃይሉክስ እንዲሁም ኒሳን ፓትሮል ይገኛሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረው ባለ 70 ቁጥር ላንድክሩዘር የፊት እግሮቹ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከዲፈረንሻሉ (አክስሉ መካከል ካለው የጥርሶች ሳጥን) እስከ መሬት ያለው ርቀት ጉድጓድ ውስጥም ሆነ ሜዳ ላይ አይለወጥም። ፕራዶና አዲሶቹ ሃይሉክሶች ግን የፊት እግራቸው ለየብቻው ስለሚታጠፍ፣ መኪናው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሆዱ ወደ ድንጋዩ ይጠጋል። ከስር የሚገጠም ላሜራ ለፕራዶ አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በምሥራቁ መስመር ቀድሞ የሚጎዳው ጎማ ነው። የፈንታሌ ተራራ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ መተሐራ አጠገብ ዛሬም ጥቁርና ሻካራ ሆኖ ተኝቷል። በአካባቢው ባልጩትም አለ፤ የጥንት ሰው መቁረጫውን ከባልጩት ያበጅ የነበረው ስብራቱ እንደ ምላጭ ስለሚስል ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ መሬት የሚረግጠውን ወፍራም የጎማ ፊት ብዙም አይደፍረውም፤ የሚሰነጥቀው ስሱን ጎን ነው። የተበሳ ጎማ ጎሚስታ ዘንድ ቶሎ ይጠገናል። ጎኑ የተቀደደ ግን ጎማውን አጥብቆ የያዘው የውስጥ ክር ስለተቆረጠ አስተማማኝ ጥገና የለውም። ሰፍተውና ላስቲክ ለጥፈው የሚመልሱ ጎሚስታዎች ቢኖሩም፣ የተሰፋ ጎማ በዝግታ እስከሚቀጥለው ከተማ ለመድረስ ካልሆነ በቀር ሰው ተጭኖበት በፍጥነት መንገድ ላይ ሊሮጥበት አይገባም።

እሾህ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የግራር እሾህም ሆነ በመካከለኛው አዋሽ የተንሰራፋው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለ መጤ ዛፍ እሾህ ጎማውን ዘልቆ ከገባ በኋላ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ካላማዳሪው (የውስጡ ላስቲክ) ተለጥፎ ስባሪው ካልተነቀለ ጎማው በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይበሳል። ሥራውን የሚያከብር ጎሚስታ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ያዝ ባደረገው ቦታ ላይ በጉጠት ስባሪውን ይስባል፤ ከዚያ ደግሞ ዞሮ ይጠርጋል። ይህን ሲያደርግ ያላዩት ጎሚስታ ጋር ጎማ ጥሎ ሻይ ለመጠጣት መሄድ ጥሩ አይደለም። ከብዙ ቁራጭ የተገጠመ ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ብረት) ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ማቀፊያው ቀለበት በትክክል ካልገባ ንፋስ ሲሞላ ተወርውሮ ሰው ይገድላል፤ ሲነፋ ፊት ለፊት መቆም ክልክል መሆን አለበት።

በአስፋልት ላይ 35 ወይም 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚሞላ ጎማ አሸዋ ላይ ወደ 20 ዝቅ ሲል ሰፍቶ ይረግጣልና አይሰምጥም። ያው ጎማ ስለታም ድንጋይ ላይ ንፋሱ ከጎደለ ግን ጎኑ አብጦ ለባልጩቱ ይጋለጣል፤ አስፋልት ላይ ሳይነፋ ቢሮጥ ደግሞ ግሎ ይፈነዳል። ሲገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብ ያስፈልጋል፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል።

ከመኪናው ስር የሚገጠመው ላሜራ የዘይት ኮፓን (ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት መያዣ)፣ የራዲያተርን ታችና ካምቢዮን ይሸፍናል። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስስ በመሆኑ፣ ባለንብረቶች በብየዳ ቤት ወፍራም ያሠራሉ። እዚህ ላይ "ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው" የሚለው አስተሳሰብ ያሳስታል። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብረት 47 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ 31 ነው። ጠርዙ ታጥፎ የተሠራ 4 ሚሊ፣ ሳይታጠፍ እንደ ጠረጴዛ ከተዘረጋ 6 ሚሊ ይልቅ መታጠፍን ይቋቋማል፤ የፊቱን ሞላም አያደክምም። ላሜራው ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ በቡሎን መታሰር እንጂ መበየድ የለበትም። ብየዳው የሻንሲውን ብረት ያዳክማል፤ ላሜራው መፈታቱም ይቀራል።

አለመፈታቱ ደግሞ ትልቁ ጉዳት ነው። አርሲ ደርሶ የተመለሰ መኪና ሆዱ ሲፈታ ከላሜራው ላይ የኮፓውን ቅርጽ እንደ ጡብ ቀርጾ የያዘ የደረቀ ዋልካ ይወርዳል። ጭቃው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል፣ ኮፓው በነፋስ እንዳይቀዘቅዝ ያፍነዋል፣ የሚንጠባጠበውንም ዘይት እየመጠጠ ሾፌሩ መሬት ላይ ምልክት እንዳያይ ያደርገዋል። መኪናውን ሊጠብቅ የተገጠመው ብረት እንዲህ ጉዳቱን ይደብቃል። ከክረምት በኋላ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፦ በላሜራውና በጭስ ማውጫው መካከል የተጠቀጠቀ ደረቅ ሣር ከማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ሙቀት እሳት ሊይዝ ይችላል። በሜዳ ላይ ረጅም ሣር አቋርጦ የሄደ ሰው ቆም ብሎ ከስር ማየት አለበት። ውሃና ጭቃ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ የዘይት ማፍሰሻው ፊት ለፊት መክፈቻ፣ ወደ ላሜራው የሰመጠ የቡሎን ራስ፦ ሲያሠሩ እነዚህን ሦስቱን ማስቀደም ነው። የቡሎን ራስ ወደ ታች ካፈጠጠ ድንጋይ ፍቆ ይበላውና ቁልፍ የሚይዘው ነገር አይቀርም።

በሐምሌና ነሐሴ ደረቅ የነበረው ወንዝ፣ በቦታው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላል። ሞተር በአየር ማስገቢያው በኩል ውሃ ከሳበ ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ፒስተኑ ሲወጣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይጎብጣል። ስኖርክል የአየር ማስገቢያውን ወደ ጣሪያው ከፍ ያደርጋል፤ ጥቅሙ ግን በየቀኑ የሚታየው በአቧራ መንገድ ላይ ነው፣ ከላይ የሚሳበው አየር ንጹሕ ስለሆነ። መጋጠሚያው በሚገባ ያልተደፈነ ስኖርክል ለውሃ ምንም አይረዳም። ሾፌሮች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ዲፈረንሻልን ነው። ሲሮጥ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሸበሸብና መተንፈሻው ከተደፈነ በላስቲክ ማኅተሞቹ በኩል ውሃ ይስባል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ መካኒኩ ማፍሰሻውን ላላ አድርጎ ጠብታውን በጣቱ ሲቀበል ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ሳይቀየር መንቀሳቀስ ጥርሱን ያስበላል።

የፊት መከላከያ ብረት፣ በተለምዶ ቡልባር የሚባለው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚወደድና ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። በጫካ መንገድ ራዲያተርንና መብራትን ያድናል። ፓራውልት (ከፋብሪካ የሚመጣው የግጭት መከላከያ) ላይ ብቻ የታሰረ ግን በመጀመሪያው ግጭት ተገፍቶ ራሱ ራዲያተሩን ይቀደዋል። ኤርባግ ያለው መኪና ላይም የግጭት መጠቆሚያውን ሊያዛባ ይችላል። በመተሐራ መስመር በሌሊት መንገድ የሚያቋርጠው ግመል እግሩ ረጅም ስለሆነ ሲመታ ገላው ኮፈኑን አልፎ መስታወቱ ላይ ይወድቃል፤ ለዚህ የሚያድነው ቡልባር ሳይሆን ፍጥነት መቀነስ ነው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ወፍራሙ ቱቦ የሕፃን ጭንቅላት ትክክል ላይ ይቆማል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. መመሪያ ለእግረኛ ደኅንነት ያልተፈተነ ቡልባር አዲስ መኪና ላይ እንዳይገጠም አድርጓል፤ ሕንድም በ2017 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው በአንድ ጎዳና በሚጋፉባት አዳማ ሳምንቱን ሙሉ ለሚውል መኪና ቡልባር መግጠም ተገቢ አይመስለኝም።

የጎን መከላከያም እንደዚሁ ሻንሲው ላይ ካልታሰረ መርገጫ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ሲያርፍበት ወደ በሩ ይታጠፋል። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ ክብደት ማብዛት መኪናውን ለመገልበጥ ያመቻቸዋል። እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ፒስታ መንገድ የሚያደርሰው ጉዳት ዘገምተኛ ነው፦ ሾክ አብዞርበሩ ግሎ ዘይቱን ይተፋል፣ ባሌስትራውን (ንብርብሩን የብረት ሞላ) ከአክስሉ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ይላላሉ፣ የሾክ አብዞርበሩ መያዣ ሥር ሻንሲው እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ መሰንጠቅ ይጀምራል። ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በቁልፍ መሞከር ያስፈልጋል።

ዋልካ ውስጥ የተያዘ መኪና ሲጎተት ገመዱ ሻንሲው ላይ በተሠራው መንጠቆ እንጂ የተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ በፍጹም መታሰር የለበትም፤ ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው የገደለባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ዊንች የሚገዛ ሰው ከተጫነው መኪና ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ የሚጎትት ይምረጥ፤ ለ3 ቶን 4.5 ቶን ማለት ነው። ሲጎተት ገመዱ መሐል ላይ ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት ጣል ይደረጋል፤ ቢበጠስ ግርፋቱን ያበርደዋል። ተመልካቹም ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

ከአፋር ጨው ሜዳ የተመለሰ መኪና ከላይ ብቻ ሲታጠብ ያብለጨልጫል፤ ጨው ግን ሻንሲው ውስጥ ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። የውሃው ቱቦ በሻንሲው ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ፣ ከስር ያለው ላሜራ ተፈቶ፣ ከሌላው ጫፍ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል። ጠብታውን በምላስ ቀምሰው ጨው መቅረቱን የሚያረጋግጡ አጣቢዎች አሉ።