የእግር ስፌት መኪናን በሞተር ማሠራት (ባሕር ዳር)

በፔዳል የሚዞር ሲንጀር ወይም የቻይና «ቢራቢሮ» ከጎኑ ትንሽ ሞተር ተገጥሞለት በ220 ቮልት ይሠራል። ባሕር ዳር ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ብትሆንም፣ በየበረንዳው ሱሪ የሚያሳጥረውና የተማሪ ደንብ ልብስ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ እግሩ ነው።

የሚያስፈልገው 100 ዋት ሞተር ከነማሰሪያው፣ የእግር መቆጣጠሪያ፣ የጎማ ቺንጋና ካቻቪቴ ነው። ከመግዛት በፊት ከመኪናው ጀርባ፣ በመዘውሩ በኩል ሞተር የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ መኖሩን ማየት ያሻል። ከሌለ ማሰሪያውን ጠረጴዛው ላይ ማሰር ይሻላል፤ የመኪናው ራስ ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ብረት ስለሆነ ያለ ጥንቃቄ ሲበሱት ይሰነጠቃል።

ግማሹ ሥራ ሞተሩ ሳይነካ የሚያልቅ ነው። የቆዳው ቺንጋ ይወልቃል፤ ከጥርሱና ከቦቢኑ ቤት ብናኝ ይጠረጋል፤ ዘይት መግቢያዎቹ ሁሉ የስፌት መኪና ዘይት አንድ አንድ ጠብታ ይደርሳቸዋል። የምግብ ዘይት ያደረገ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ሙጫ ያገኛል። መዘውሩ በአንድ ጣት ካልዞረ ሞተር አይታሰርበት፤ እግር የቻለውን ክብደት ሞተሩ በሙቀት ይከፍለዋል።

ሞተሩ ሲታሰር ፑሌው (ቺንጋው የሚያርፍበት የሞተሩ ትንሽ ጎማ) እና የመዘውሩ ቦይ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ አለዚያ ቺንጋው ጠርዙን እየበላ ይዘላል። ቺንጋው መሐል በጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሰጥ ይበቃል። ከጠበቀ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፤ ከላላ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። መጀመሪያ የሚሞከረው የመዘውሩን መሐል ብሎን አላልቶ ነው፤ መርፌው ይቆማል፣ መዘውሩ ብቻ ይዞራል። የመዘውሩ አናት ወደ ልብስ ሰፊው መምጣት አለበት። ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ታች ይጠመጠማል፤ ስፒና መገልበጥ ደግሞ አይረዳም፣ ሞተሩ ውስጥ የካርቦኖቹን (ለሚሽከረከረው ክፍል መብራት የሚያደርሱትን ሁለት የከሰል ቁራጮች) ሽቦ ማቀያየር ነው።

አንዳንዶች የፋብሪካ ክላች ሞተር (ያለማቋረጥ እየዞረ ሲረገጥ ብቻ መኪናውን የሚያዞር) ይገጥማሉ። በደቂቃ 2850 ጊዜ የሚዞር ሞተር 50 ሚሊ ሜትር ፑሌ ይዞ 75 ሚሊ ሜትር መዘውር ሲያዞር 1900 ስፌት ያወጣል። ለእግር መኪና 1000 እንኳ ብዙ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ክር ይበጥሳል።

ትንሹ ሞተር ሲነሳ ደካማ ነው። ጂንስ አራት እጥፍ ሲሆን የመጀመሪያውን ስፌት መዘውሩን በእጅ ረድቶ ማስጀመር የተለመደ ነው። ፔዳል አንድ ስፌት ላይ ቀጥ ያደርጋል፣ ሞተር ግን ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ ለጥልፍ ብዙዎች እግራቸውን ይመርጣሉ።

የድሮው ፔዳልና የቆዳ ቺንጋው አይጣሉም። መብራት ሲሄድ የጎማውን አውልቆ የቆዳውን መመለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን አስቀድሞ ስፒናው ይነቀል፦ መቆጣጠሪያው ላይ እግር እንዳረፈ መብራት ከመጣ መርፌው ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሳል፣ ጣትም ከሥሩ ሊሆን ይችላል።

ብልጭታው ከበዛና ኃይሉ ከቀነሰ ካርቦኖቹ አልቀው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፣ ዘይትም አይነካቸውም። በክረምት በጣና ዳር እርጥበት የሲሚንቶ ወለል ላይ ያደረ መቆጣጠሪያ ውስጡ ይዝጋል፤ ማታ ሳንቃ ላይ ይቀመጣል።