ነፃ የግራፊክስ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

በአማርኛ «በነፃ የተሰጠ» እና «ነፃ የወጣ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ስለ ዋጋ፣ ሁለተኛው ስለ መብት ይናገራል። ለድረ ገጽ ሥራ የግራፊክስ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊለየው የሚገባው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ የቀረበው የፎቶ ማረሚያ ጊምፕ እና በ2003 የተጀመረው የሥዕልና የምልክት መሥሪያ ኢንክስኬፕ በሁለቱም መንገድ ነፃ ናቸው። የሚሰራጩበት ፈቃድ ማንም ሰው እንዲጠቀምባቸው፣ ውስጣቸውን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽላቸውና ለሌላው እንዲያካፍላቸው ስለሚፈቅድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንዱ ያወረደውን ሌላው በፍላሽ ቢገለብጠው ሕግ አልተጣሰም። ካንቫና ፊግማ የተባሉት የኢንተርኔት ዲዛይን መሥሪያዎች ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ ክፍል ቢኖራቸውም ባለቤታቸው ነገ ደንቡን ሊለውጥ ስለሚችል በነፃ የተሰጡ እንጂ ነፃ የወጡ አይደሉም። ታዋቂው የፎቶ ማረሚያ ፎቶሾፕ ደግሞ ባለቤቱ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳወቀው ውሳኔ መሠረት አዲሶቹ ቅጂዎቹ የሚገኙት በደንበኝነት ክፍያ ብቻ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ፕሮግራሙም ይቋረጣል። ሒሳቡ በዶላር ስለሚታሰብም፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲመነዘር የሚከብድ ወጪ ሆኗል። (ክራክ የተባለውን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ከምርጫ አልቆጥረውም፤ ከሕጉም ባሻገር ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል።)

ታዲያ ድረ ገጽ ምን ይፈልጋል? የመንዝን ባናና በርኖስ ለሚሸጥ ነጋዴ ገጽ የሚሠራ ወጣት እንውሰድ። ጥቁር ባና ፎቶ ሲነሣ አንድ ወጥ ጥቁር ጥላ መስሎ ይቀራል፤ ሽመናው እንዲታይ የጨለማውን ክፍል ከርቭስ በተባለው የብርሃን ማስተካከያ ማብራት፣ ጠርዙን መቁረጥ፣ ከዚያም ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቀበሌም ቶሎ እንዲከፈት መጠኑን ቀንሶ ዌብፒ በተባለው ለድር የተሠራ የምስል ፎርማት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ጊምፕ ያለ ችግር ይሠራዋል። የንግድ ምልክቱን በተመለከተ ኢንክስኬፕ ሥራውን የሚያስቀምጥበት፣ ምስልን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የሚመዘግበው ኤስቪጂ እ.ኤ.አ. በ2001 የድር ደረጃ ሆኖ የጸደቀ፣ አሳሾችም በቀጥታ የሚያነቡት ፎርማት በመሆኑ፣ ምልክቱ በስልክም በትልቅ ስክሪንም ጥራቱን ሳያጣ ይታያል። ለአማርኛ ጽሑፉም አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው።

የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ከሚወደሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ለኅትመት ቀለም፣ ማለትም ለሲኤምዋይኬ፣ ያላቸው ብቃት ነው፤ ስክሪን ግን የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ድረ ገጽ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ብልጫ ብዙም አይጠቅመውም። ያው ነጋዴ በራሪ ወረቀት ለማተሚያ ቤት እንዲዘጋጅለት ሲጠይቅ ነገሩ ይለወጣል። ሌላው የጊምፕ ድካም፣ ማጣሪያዎችን (እንደ ማደብዘዝ ያሉ ውጤቶችን) ዋናውን ምስል ሳይነኩ ማስገባት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 3.0 ቅጂ መሆኑ ነው፤ ይህ በፎቶሾፕ የቆየ ነገር ነው። ደንበኛው ወይም የሥራ ባልደረባው ብዙ ንብርብር ያለው የፒኤስዲ ፋይል (የፎቶሾፕ የራሱ ፎርማት) የሚልክለት ባለሙያም፣ ጊምፕ ፋይሉን ቢከፍተውም አንዳንድ ጽሑፍና ውጤት ሊዛባ ስለሚችል፣ ለፎቶሾፕ ቢከፍል አይፈረድበትም።

በየትኛውም ቢጀመር ግን የተጠናቀቀው ሥራ በኤስቪጂና ፒኤንጂ በተባለው የተለመደ የምስል ፎርማት ጭምር ይቀመጥ፤ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት የነጋዴው ምልክት በማይከፈት ፋይል ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር።