ቦያር ምንድን ነው?

ስለ ድሮዋ ሩሲያ በተጻፈ ቁጥር ባለጸጋ ሁሉ ቦያር ይባላል። መሬት ያለው ቦያር፣ ልዑሉ ቦያር፣ ልጁም ቦያር። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪማ ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን ዛር (የሩሲያ ንጉሥ) ሲጽፍ «አስፈሪው ኢቫን የቦያርን መደብ ሊያጠፋ ተነሣ» ብሎ ደምድሟል። ይህ ተደጋግሞ እውነት ሊመስል ነው።

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሞስኮ ውስጥ ቦያርነት ዛሩ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። በአማካሪዎቹ ጉባኤ፣ በዱማው፣ ከሁሉ የበላይ ደረጃ ነበር። ቦያር ሆኖ የሚወለድ የለም። (የሰሜን ምዕራብ ሩሲያዋ ከተማ ኖቭጎሮድ ራሷን ችላ በነበረችበት ዘመን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሷን እዚህ አላስገባም።)

እንደ ብሔራዊ ቡድን አስቡት። የትልቅ ክለብ ተጫዋች «እጠራለሁ» ብሎ ይጠብቃል። አሰልጣኙ ካልጠራው ግን ማሊያውን አይለብስም፤ ከአባቱም አይወርሰውም። እዚህ ቡድን ውስጥ ታዲያ አንድ ጉድ አለ። ተጫዋቹ «አያቴ ከሱ አያት በላይ ተሰልፏል፤ እኔ ከሱ በታች አልሰለፍም» ብሎ መክሰስ ይችላል። አሰልጣኙም መዝገብ አስወጥቶ ይፈርዳል። ሜስትኒቼስትቮ የሚባለው ሥርዓት ይኸው ነው። ዘር ይቆጠራል፣ ማዕረጉን ግን አይሰጥም። ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።

ዲሚትሪ ፖዣርስኪን ተመልከቱ። የልዑላን ዘር ነው። በ1612 እ.ኤ.አ. ሞስኮን ከፖላንድ ጦር ነጻ ያወጣውን ሠራዊት ሲመራ ግን ቦያር አልነበረም። ማዕረጉን በ1613 የሰጠው አዲሱ ዛር ሚካኤል ሮማኖቭ ነው። በዚያው ዓመት ፖዣርስኪ የቦሪስ ሳልቲኮቭን የቦያርነት ሹመት እንዲያውጅ ታዘዘ። ለትውልዱ ውርደት ነው ብሎ እምቢ አለ። ተፈረደበት። ያ ሁሉ ባለውለታ ሳልቲኮቭ ደጅ ሄዶ እንዲዋረድ ተላከ።

ወደ ኢቫን ልመለስ። ከ1565 እስከ 1572 በቆየው ኦፕሪችኒና፣ ማለትም ኢቫን ለብቻው በከለለው ግዛትና በዚያ ባቋቋመው ታማኝ ኃይል ውስጥ፣ ራሳቸው ቦያሮች ነበሩበት፤ አሌክሴይ ባስማኖቭ አንዱ ነው። ይህ ኃይል በ1570 ኖቭጎሮድ ላይ ከፈጃቸው ብዙዎቹ ደግሞ ተራ የከተማ ሰዎች ነበሩ። ኢቫን ብዙ ቦያር ገድሏል፣ አዎ። ግን ሌሎችን ሾሟል። መደቡን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ለምን ይሾማል?

ኋላ የነገሠው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ ጢም በማስላጨት አጠፋቸው የሚለውም አያስኬድም። ሜስትኒቼስትቮ ከሱ በፊት፣ በ1682፣ ተሽሮ መዝገቡ ተቃጥሏል። ጴጥሮስ ያደረገው ቀስ በቀስ ቦያር መሾሙን መተው ነው። በ1722 ደግሞ 14 እርከን ያለውን የማዕረግ ሰንጠረዥ አወጣ። ቦያር የሚል እርከን በውስጡ የለም።