የመኪና ሂተር ምንድን ነው?

ባለፈው ህዳር በጠዋት ከሱሉልታ በሚኒባስ ወደ ከተማ እየገባሁ ነበር። ሜዳው ውርጭ ለብሷል። ሾፌሩ ሂተሩን ሲከፍት ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ «ወንድሜ፣ ኤሲውን አጥፋው፣ ነዳጅህን ጠጥቶ ይጨርሰዋል» አለው። መኪና ጠግኜ ነው የማድረው፤ ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ኤሲ ሌላ፣ ሂተር ሌላ። ጋዙን የሚጨምቀውን የኤሲ ኮምፕሬሰር የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ስለዚህ ነዳጅ ይበላል፣ ልክ ነህ። ሂተር ግን ሞተሩ ሊጥለው የነበረውን ሙቀት ነው የሚሰጥህ። ከዳሽቦርዱ ኋላ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። ሞተሩ ውስጥ ዞሮ የጋለው ውሃ በእሷ ያልፋል፣ ፋኑ አየር ይነፋባታል፣ በቃ።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር ማድ ቤቱ ይሞቃል። በነሐሴ ብርድ ልጆቿ ሁሉ እዚያ ነበር የምንኮለኮለው። እኛ ስለሞቅን ቆጣሪው ፈጥኖ ዞረ? ሞተርም እንደዚያው ምጣድ ነው። ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማ ጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አንተ ከዚያ ላይ ትንሽ ቆነጠርክ። ፋኑ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ እሺ። እሱን ካልክ የፊት መብራትህንም አጥፋ።

ምጣዱን ካነሳሁ አይቀር፣ አክንባሎም አለው፤ ቴርሞስታት። ሞተሩ 82 ወይም 88 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ ዘግቶ ይይዘዋል። «አገራችን ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም» እያሉ አውጥተው የሚጥሉት አሉ። ሱሉልታ ነው ሙቅ? አክንባሎ ያልተከደነበት እንጀራስ በደንብ ይበስላል? በቅርቡ አንድ ደንበኛ «ሂተሩ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል» ብሎ ኮሮላ ይዞልኝ መጣ። የቴርሞስታቱን ቤት ስፈታው ባዶ ነው። ዙሪያውን ሲሊኮን ተለቅልቆ ተዘግቷል። ሞተሩ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ገና አሁን የተነሳ ይመስለውና ቤንዚን ይጨምርለታል። ሰውየው ግን ሂተሩን ሲያማ ከርሟል።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እንጦጦ ላይ ከዚያም ያንሳል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን አትናቁ። ዳገት ላይ ሙቀቱ ከጨመረባችሁ ሂተሩን እስከ ጥግ ክፈቱት፤ ሞተሩን ያግዘዋል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ወጥቶ ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ ግን ውሃው አልቆ ሊሆን ይችላል። ቴስታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሳይጣመም ወዲያው አቁሙ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትነኩት።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ አትቆጡኝ፤ የእናንተ ሌላ ነው። ምጣዱ የለም። ሞተሩ የሚጥለው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ለመሞቅ ከባትሪው መቁረስ አለባችሁ። እናንተ ጋ የጋቢናው ሰውዬ ልክ ነው። የድሮ ቮልስ ደግሞ ጭራሽ ውሃ የለውም፤ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ መውጫው ዙሪያ አሳልፎ ነው። ብረቱ ከበሰበሰ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያ ጭስ ደግሞ ይገድላል። ቮልስ ያላችሁ ሂተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አስፈትሹት።

ሾፌሩ ሰውየውን ሰምቶ ሂተሩን አጠፋው። ወዲያው የሁላችንም ትንፋሽ መስታወቱን ሸፈነው። አዲሱ ገበያ እስክንደርስ ድረስ ረዳቱ በፎጣ ሲወለውል ነበር።