ግራንድ ናሽናል፦ ከአሸናፊው ይልቅ የወደቀው የሚታወስበት የፈረስ ውድድር

ግራንድ ናሽናል በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የኤይንትሪ ሜዳ በየዓመቱ የሚካሄድ የፈረስ ዝላይ ውድድር ነው። ፈረሶቹ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረው 6.9 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጋልቡ ሲሆን፣ በዚሁ ጉዞ 30 ጊዜ መሰናክል ይዘላሉ። አዳማ ውስጥ ሊቨርፑል ሲባል ከእግር ኳስ በቀር ሌላ ነገር ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና የጋሪ ፈረሶች ከባጃጅ ጋር መንገድ እየተጋፉ ሕዝብ ሲያመላልሱ በኖሩባት ከተማ ስለዚህ ውድድር በአማርኛ የሚነበብ ነገር መታጣቱ ለፈረስ ወዳጅ ስለሚከብድ ይህ ዳሰሳ ተሰናድቷል።

የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1839 የተካሄደው ነው ቢባልም፣ መነሻውን ወደ 1836 የሚመልሱም አሉ። በ1839 ያሸነፈው ፈረስ ሎተሪ ይባል ነበር፤ ለውርርድ ከዚህ የተሻለ ስም ማውጣት ያስቸግራል። ከሎተሪ ይልቅ ስሙ የተተከለው ግን ካፒቴን ቤቸር የተባለው ጋላቢ ነው፤ ከፈረሱ ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ወደቀና ሌሎቹ እስኪያልፉ ድረስ እዚያው አድፍጦ ተረፈ። ቦዩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከቦዩ ሲወጣ ውሃ ያለ ውስኪ እንደማይጠጣ አማረረ የሚባለው ግን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም ሲወደሱ፣ ኤይንትሪ ላይ ስም ለማስጠራት መውደቅ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

በ1928 ከተነሡት 42 ፈረሶች ፍጻሜው ላይ የደረሱት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለተኛውም መጨረሻው መሰናክል ላይ ወድቆ የተነሣ ነበር። ከ1941 እስከ 1945 ውድድሩ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። በ1947 በከባድ ጭጋግ ያሸነፈው፣ ካውሁ የተባለው ፈረስ ጋላቢ፣ አንዱን ዙር ጭጋግ ውስጥ ተደብቆ አሳልፏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ኋላ የተገኙ ፎቶግራፎች ግን ከሐሜቱ ነጻ አውጥተውታል ይባላል። በ1956 ደግሞ የንግሥቲቱ እናት ፈረስ ዴቨን ሎክ ድሉ እጁ ገብቶ ሳለ፣ ከመጨረሻው መስመር 50 ሜትር ያህል ሲቀረው ያለ አንዳች መሰናክል በሆዱ ተዘረጋ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የ1967ቱ ግን ለብቻው ይተረካል። ፎይናቮን እጅግ የተናቀ ፈረስ ስለነበር 1 ፓውንድ ላስያዘ 100 ፓውንድ ይታሰብለት ነበር፤ ባለቤቱም አሠልጣኙም ወደ ሜዳው አልመጡም። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ እንዳይሆንብን እንጂ፣ የማትለየው ነጭ ፍየል ጓደኛም ነበረችው። 23ኛው መሰናክል ላይ ጋላቢውን ቀደም ሲል የጣለ አንድ ፈረስ መንገዱን አቋርጦ ሲሮጥ ከፊት የነበሩት ሁሉ እርስ በርስ ተደነቃቀፉ፤ ጋላቢዎች አጥሩን ተሻግረው በረሩ፣ ፈረሶቹ ግን ወዲህ ቀሩ። ፎይናቮን ከኋላ ቀርቶ ስለነበር ጋላቢው ጆን በኪንግሃም ቀዳዳውን አይቶ በጎን ዘለለና ብቻውን ሄደ። ሌሎቹ ተነሥተው ቢያሳድዱትም አልደረሱበትም። ከሜዳው መሰናክሎች መካከል ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ያ አጥር ዛሬ ፎይናቮን ይባላል።

በ1993 ፈረሱም ሜዳውም እያለ ውድድሩ ጠፋ። የማስነሻው ገመድ አንድ ጋላቢ አንገት ላይ በመጠምጠሙ ጅማሮው ተሰረዘ ቢባልም፣ የመመለሻው ባንዲራ ስላልተውለበለበ ከ39ኙ 30ዎቹ ጋለቡ። ሰባቱ ፍጻሜው ላይ ደረሱ፤ ቀድሞ የገባው ፈረስ ኤሻ ነስም ያሸነፈው ምንም እንዳልነበረ ተነገረው።

በ2021 ሬቸል ብላክሞር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ከ2024 ጀምሮም ለደኅንነት ሲባል የተወዳዳሪዎች ቁጥር ከ40 ወደ 34 ዝቅ ብሏል። በ1973፣ በ1974 እና በ1977 በማሸነፍ የሦስት ድል ብቸኛ ባለቤት የሆነው ፈረስ ሬድ ረም ግን በአምስት ግራንድ ናሽናል አንድም ጊዜ ሳይወድቅ ስለጨረሰ፣ እዚህ የደረሰው ድርሻ ይህችው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።