የመኪና ድምፅ በሐረጎ መንገድ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ መኪና የደበቀውን ሕመም ሁሉ ያወጣል። ስለዚህ እዚህ ያለ መካኒክ መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ከሚያዳምጥ፣ አብሮ ተሳፍሮ ቢወርድ ይሻለዋል።

መንገዱን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ሠሩት። የጋራዡም ቋንቋ ከእነሱ የቀረ ነው፦ ፍሬን፣ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት መሸከሚያ)፣ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው)፣ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ)፣ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ)።

«ቋ ቋ ይላል» ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ጥያቄ «መቼ?» ነው። ፍሬን ሲያዝ? መሪ ሲዞር? ቆሞም ይሰማል?

ቁልቁለቱ ላይ ቀድሞ የሚጮኸው ፍሬን ነው። የደሴ ሌሊት ጉምና ቅዝቃዜ ስላለው ጠዋት ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ዲስክ ስስ ዝገት ይይዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ጩኸቱ ከጠፋ አብሽር፣ ችግር የለም። ካልጠፋ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ እያለቀ ይሆናል፤ ብዙ ሸራዎች ሲያልቁ ዲስኩን እየነካች የምትጮህ ትንሽ ብረት አላቸው። ድምፁ ወደ መፋጨት ከተለወጠ ግን ብረት ብረትን እየበላ ነው። ያኔ ሐረጎን መውረድ የለም። ኮረኮንች ገብቶ የወጣ መኪናም እንዲሁ ይፋጫል፤ ከዲስኩና ከኋላው ካለው ቆርቆሮ መሀል ጠጠር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ ወደኋላ መሄድ አንዳንዴ ያወጣዋል።

ኩሽኔታ ሲያልቅ ጉምጉም ይላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል። ሜዳ ላይ ማርሹን ዜሮ ሲያደርጉት ካልጠፋ ከሞተሩ አይደለም። (ይህ ሙከራ ቁልቁለት ላይ አይደረግም። ዜሮ አድርጎ መውረድ ነዳጅ መቆጠብ የሚመስለው ሰው አለ፤ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ሲያቆም ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል፣ ይደክማል።) ጠመዝማዛው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጉምጉምታው ያኔ ከባሰ የሚጠረጠረው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። እኩል ያልተበላ ጎማም ተመሳሳይ ድምፅ አለው፤ እሱ ግን አስፋልቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ መኪና ጎሚኒው (በብረቶቹ መሀል ያለው ላስቲክ) ወይም ቴስቲኒው (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) ይታያል። ጠዋት ሲነሳ ሲጥ የሚል ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ላላ ማለት ነው፣ ወይም አርጅቷል። ሲነሳ ቱፍ ቱፍ ብሎ ሲሞቅ የሚተው ደግሞ የጭስ መውጫው ላይ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ይደፍነዋል።

ለሞተር የድሮ መካኒኮች ዘዴ አላቸው። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ ያደርጋሉ። የሐኪም ማዳመጫ በሉት። ከታች በኩል ከባድ ምት ከተሰማና የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ቀጣዩ ከተማ ድረስ ልድረስ ማለት ሞተር ያስወርዳል።

ሁሉም ተፈትሾ ምንም ሲታጣ የኋላው ዕቃ መጫኛ ይከፈት። ያልታሰረ ክሪክ ወይም የላላ ስኮርት ጎማ ብዙ ሰው ጋራዥ አመላልሷል።